መስከረም 1፦ የዘፈንም የዝምታም ቀን

በእንጦጦ ጋራ ላይ አዲስ ዓመት የሚገባው በሌሊት ነው። መስከረም 1 የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለሆነ የእንጦጦ ራጉኤል ቅጥር ግቢ በማኅሌት ያድራል፤ ታች ከተማው ገና ዶሮውን ሲገነጥል ጋራው ዓመቱን ከተቀበለ ቆይቷል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነውና ለዛሬ ጉዳያችን አይደለም። ጉዳያችን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ጋራው በምሥራቅ በኩል ወደ የካ በሚወርድበት ቁልቁለት ይጀምራል። በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በየካ ሚካኤል፣ በኮተቤ ሰፈሮች ልጃገረዶች አደይ አበባና እርጥብ ሣር ይዘው ከበር በር ይዞራሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። «አበባየሆሽ» ደራሲ የለውም፣ አቀናባሪ የለውም፣ መብቱን ያስመዘገበ ባለቤትም የለውም። ተቀባዮቹ የሚመልሱት አንዲት ቃል ስለሆነች የአራት ዓመት ልጅ ሳትቀር ትገባበታለች። በዚህች ከተማ በአንድ ቀን ከሁሉም ይበልጥ በብዙ አፍ የሚዘፈን ዘፈን ይኸው ይመስለኛል፤ የሽያጭ ደረጃ ያወጣለት ግን ማንም የለም።

የውጭ አገር መጽሔቶችና ሬዲዮኖች «ይህ ቀን በሙዚቃ ታሪክ» የሚል ዓምድ ይወዳሉ፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ የትኛው አልበም ወጣ እያሉ ቀኑን ይቆጥራሉ። ለእኛ እንዲህ ያለ ዓምድ ይከፈት፣ ቀኑም አንድ ብቻ ይሁን ቢባል መስከረም 1ን የሚቀድም አይገኝም። የዓመታቱን መዝገብ ሲያገላብጡት ግን ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። በዚህ ቀን ጎልተው የሚታዩት ዘፈን የደመቀባቸው ዓመታት ብቻ አይደሉም፤ ዘፈን የተቋረጠባቸው፣ የተከለከለባቸው፣ ወይም ሌላ ነገር እንዲሸፍን የተደረገባቸው ዓመታት ይበዛሉ። ዓውደ ዓመት ሁሉም ሰው ቤቱ የሚቀመጥበት፣ ጆሮውም የሚከፈትበት ቀን ነው። የሚነገር ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቤተ መንግሥትም፣ ነጋዴም።

ነገሩ የቆየ ነው። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ ሥር ራሱ አዲስ አበባ የገባው በጳጉሜን ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች የናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ጳጉሜን 1 ቀን ከተማዋ ሲደርሱ ለ1917 እንቁጣጣሽ የቀሩት አምስት ቀናት ነበሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ኋላ የብዙ ኦርኬስትራዎች አሠልጣኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ሙዚቃ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ነው የኖረው። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ እየተባለ፣ ዘፋኙ ማዕረግና ደመወዝ እየተቆረጠለት፣ በዓውደ ዓመት ዋዜማ በሬዲዮና በቴአትር ቤት መድረክ ይቆም ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሳቢያ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች፣ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር፣ የታሠሩትም ለዚሁ ነው፤ ጦሩ ሲያምጽ ባንዱም አብሮ አመጸኛ ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ዘወር እንበል። መስከረም 1 ቀን 1955 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ አራት የሊቨርፑል ወጣቶች የመጀመሪያ ሸክላቸውን ለማሳተም ስቱዲዮ ገብተው ነበር። ፕሮዲውሰሩ በከበሮ መቺው ስላልተማመነ አንዲ ዋይት የሚባል ቅጥረኛ አመጣና ሪንጎ ስታር ታምቡሪንና ማራካስ ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። የቢትልስ ታሪክ አፍቃሪዎች ይህችን ቀን እንደ ጥምቀት ያስቧታል። እኛ ዘንድ በዚያው ቀን ሸክላ ማሳተም የሚያስብ ወጣት ባንድ ቢኖር መጀመሪያ የሚጋጨው ከሕግ ጋር ነበር፤ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነውና። ያንን አጥር ደፍሮ የዘለለው አሳታሚው ዐምሐ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ጋር የሠራቸው የመጀመሪያ ሸክላዎች ሕንድ አገር ታትመው መጡ፤ ያሰራቸውም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በመጡት አምስት ስድስት ዓመታት የወጣው ሙዚቃ ዛሬም ድረስ ዓለም የሚገዛው ሙዚቃችን ነው።

ወደ 1966 እንለፍ። በዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን ቺሊ ውስጥ ወታደሮች የአየንዴን መንግሥት ገለበጡ። ዘፋኙ ቪክቶር ሃራ በማግስቱ ከሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ተይዞ ስታዲየም ገባ፤ መስከረም 6 ቀን ተገደለ። አዲስ አበባ ለዚህ ዜና የሰጠችው ቦታ ትንሽ ነበር። ልክ በዓመቱ ግን የእኛም መስከረም 1 ተራው ደረሰ።

የመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ለእኔ የዚህ ቀን ትልቁ የሙዚቃ ክስተት ነው፤ ሙዚቃ ስላልነበረበት። ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረ ገና 10 ዓመት አልሞላውም፤ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት ጥቂት ነው፤ ጎረቤት በዓውደ ዓመት ምሽት ተሰብስቦ የሚጠብቀው የበዓል ዝግጅቱን ነበር። በዚያ ምሽት ደርግ ያቀረበለት ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረኀብ ላይ የሠራውን ፊልም ነው። ፊልሙ እንግሊዝ አገር ከታየ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ግን የረኀብተኞቹ ምስል ከቤተ መንግሥቱ የድግስ ምስሎች ጋር እየተሰካካ ተቀነባብሮ ነበር። ዶሮ ወጥ የበላ ሁሉ ማዕዱ ሳይነሳ የሞተ ሕፃን አየ። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው እንደነበር በወቅቱ ታሪክ ተጽፏል። በማግስቱ ጠዋት፣ መስከረም 2፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ቀኑ የተመረጠው በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ አላምነውም። ወታደሮቹ የዓውደ ዓመትን ጆሮ አውቀውበታል። ረኀቡን በማንኛውም ማክሰኞ ማታ ማሳየት ይቻል ነበር፤ በዘፈኑ ቦታ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ 17 ዓመት ሙሉ መስከረም 1 ከመስከረም 2 ጥላ አልወጣም። አብዮት በዓሉ ሰልፍና ትርዒት ስለሚፈልግ የኪነት ቡድኖች የእንቁጣጣሽን ቀን በልምምድ ያሳልፉ ነበር። የቀበሌ ኪነት ብዙ ጊዜ በንቀት ይነሣል፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ጊታር የመግዛት አቅም የሌለው የኮተቤ ወይም የሾላ ልጅ መሣሪያ የነካው እዚያ ነበርና። የምሽቱ ሕይወት ደግሞ ሰዓት እላፊ ገብቶበት መልኩን ለወጠ። ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል ሲጫወቱ የመጣ እንግዳ ሰዓቱ ካለፈ መውጫ የለውም፤ በሩ ይቆለፍና እስኪነጋ ይጨፈራል። የዚያ ዘመን ባንዶች ያን ያህል ረጅምና የተብላላ ዳንስ የተጫወቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ሰውን እስከ ንጋት ማቆየት የሥራቸው አካል ሆነ።

የ1977 መስከረም ከሁሉም ይከፋል። በጳጉሜን መጨረሻ ኢሠፓ ተመሠረተ፤ መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያ ዓይነት ትርዒት ተከበረ፤ በመካከሉ እንቁጣጣሽ ነበረች። ከተማው በቅስትና በባንዲራ ሲያሸበርቅ ሰሜኑ እንደገና እየተራበ ነበር፤ ስለ ረኀቡ ግን በዓሉ እስኪያልፍ ብዙ አልተወራም። በጥቅምት የማይክል በርክ የኮረም ዘገባ በቢቢሲ ታየ፤ በኅዳር የእንግሊዝ ዘፋኞች ባንድ ኤይድ ብለው ተሰብስበው ለገና ሸክላ አሳተሙ፤ በጥር አሜሪካኖቹ ተከተሉ፤ በሐምሌ ላይቭ ኤይድ መጣ። ረኀብን ለመሸፈን በተደገሰ የአዲስ ዓመት ሰሞን ማግሥት፣ ኢትዮጵያ የዓለም ፖፕ ሙዚቃ ትልቁ ርዕስ ሆነች። ከ1967ቱ ምሽት ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ወታደሮቹ ራሳቸው ያጋለጡትን ነገር ከ10 ዓመት በኋላ ራሳቸው ደበቁት ማለት ነው።

ቀን መቁጠር የሚወድ ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ትውላለች፤ በሌሎቹ ዓመታት 11 ላይ። የሬጌው ጀግና ፒተር ቶሽ ኪንግስተን ውስጥ ቤቱ በገቡ ሽፍቶች የተገደለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1987 ነው፤ «በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዕለት ወደቀ» ማለትም ይቀናል። በእኛ አቆጣጠር ግን ዕለቱ ጳጉሜን 6 ቀን 1979 ነበር። አንድ ቀን ለሐዘን ምን ይጨምራል ምንስ ይቀንሳል ይባል ይሆናል፤ ቢሆንም ዋዜማ ዋዜማ ነው።

የካሴት ዘመን በዚህ ቀን ላይ ያመጣው ለውጥ ከፖለቲካው ያነሰ አይደለም። ሸክላ ጥቂት ሰው ቤት ነበረ፤ ካሴት ግን ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ጠላ ቤት ገባ። አምባሰል፣ ኤሌክትራ እና መሰሎቻቸው ሙዚቃ ቤቶች ዓመቱን በሦስት ገበያ ከፈሉት፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ። በነሐሴ መጨረሻ ስቱዲዮዎች ይጨናነቃሉ፤ አዲስ ካሴት ለበዓል ካልደረሰ እስከ ገና መጠበቅ ነው። ሾላ ገበያ በጉና ዶሮው በሚሸጥበት ሰሞን የድምፅ ማጉያዎቹ አዲሶቹን ካሴቶች እያፎካከሩ ይጮኹ ነበር፤ የትኛው ዘፈን እንደ ተወደደ ለማወቅ ከመገናኛ እስከ ሾላ በእግር መሄድ ይበቃ ነበር። ችግሩ አዲስ የወጣው ካሴት ሳምንት ሳይሞላው ተገልብጦ በግማሽ ዋጋ ጎዳና ላይ መገኘቱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ያን ጊዜ ግን ካሴቱ ራሱ ለሲዲ ቦታውን እየለቀቀ ነበር፤ ሲዲ ደግሞ ለመገልበጥ ይብስ ቀለለ።

መስከረም 1 ቀን 1994 ማክሰኞ ዋለ። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ዘመን አዲስ አልበም የሚወጣው ማክሰኞ ነበርና ቦብ ዲለን፣ ጄዚ፣ ማራያ ኬሪና የከባድ ሮክ ባንዱ ስሌየር በአንድ ቀን አልበም አወጡ። በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የበዓሉ ምሳ ተነሥቶ ቡና በሚፈላበት ጊዜ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ኒውዮርክ ላይ ሕንጻውን መታ። ከዚያ ጀምሮ ለአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የቀኑ ነገር ተወሳሰበ። ጎረቤት ሰንደቁን ዝቅ አድርጎ በሚያስብበት ቀን አበባየሆሽ ብሎ መውጣት ይከብዳል። የዋሽንግተንና የአትላንታ የእንቁጣጣሽ ኮንሰርቶች ወደ ቅርቡ ቅዳሜና እሑድ መግፋታቸው ሥራ ስለሚበዛ ብቻ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ የዚያን ማክሰኞ አልበሞች ዛሬ ሲነሡ ሙዚቃቸው ሳይሰማ ቀናቸው ይቀድማል።

ከዚያ ሚሊኒየሙ መጣ። ስለ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ምሽት ብዙ ተወርቷል፤ ቦሌ ላይ ለዚሁ ተብሎ በጥድፊያ የቆመው ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ርችቱ፣ የውጭ መሪዎቹ፣ መድረክ ላይ ብላክ አይድ ፒስ። የመግቢያው ዋጋ ለአብዛኛው የከተማው ሰው የሚቀመስ አልነበረም። በዚያው ዕለት አሜሪካ ውስጥ ካንዬ ዌስትና ፊፍቲ ሴንት ማን ይበልጥ ይሸጣል ብለው አልበማቸውን በአንድ ቀን አውጥተው ነበር፤ በሳምንቱ ካንዬ 957,000፣ ፊፍቲ 691,000 ሸጡ። የሂፕ ሆፕ ጸሐፊዎች ያንን ቀን የወሮበላ ራፕ ዘመን ያበቃበት ብለው ይቆጥሩታል። እኛ ደግሞ በዚያው ምሽት ሁለት ሺህኛውን ዓመታችንን ከሎስ አንጀለስ በመጣ ባንድ ተቀበልን። ባንዱ ጥፋት የለበትም፤ የተጠራበትን ሥራ ሠርቶ ሄዷል። በአንድ ሺህ ዓመት አንዴ ለሚመጣ ምሽት ዋናው መድረክ ለእንግዳ መሰጠቱ ግን ያኔም ገርሞኝ ነበር፣ አሁንም ይገርመኛል፤ ጥላሁን በሕይወት ነበረ፣ ማሕሙድ አሕመድ ነበረ፣ ዓለማየሁ ነበረ። በጥቅምት ቢዮንሴ እዚያው አዳራሽ ዘፈነች። ያ ዓመት የተከለው ነገር ቢኖር ኮንሰርት ማለት አዳራሽ፣ ስፖንሰርና ቪ.አይ.ፒ. ማለት ነው የሚለው ልማድ ነው፤ የጳጉሜን መጨረሻ ኮንሰርት ከዚያ ወዲህ የቢራና የስልክ ማስታወቂያ ሆኖ ቀርቷል።

በማግስቱ ዓመት፣ በ2001 እንቁጣጣሽ፣ የወቅቱ ተወዳጅ ዘፋኝ ቴዲ አፍሮ እስር ቤት ነበረ። ሰው ገጭቶ አምልጧል በሚል ተከሶ በሚያዝያ 2000 ታሠረ፤ ክሱን ደጋፊዎቹ በዘፈኑ ምክንያት የመጣ ነው ይሉ ነበር፤ በነሐሴ 2001 ተፈታ። እሱ ሲፈታ ጥላሁን አልነበረም፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ በፋሲካው ዕለት፣ ዐርፎ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ተቀብሯል። ስለዚህ የ2002 መስከረም በአንድ ጊዜ የመጥፋትም የመመለስም ነበረ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2009፣ ቴዲ «ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበሙን ሂልተን ሆቴል ሊያስመርቅ ሲል ፖሊስ ከለከለው። ለእንቁጣጣሽ የቀረው ሳምንት ያህል ነበር። የምረቃው መከልከል ግን አልበሙን ዝም አላሰኘውም፤ በየታክሲው የሚሰማው እሱ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በኩል የኤርትራ ድንበር ተከፈተ። 20 ዓመት ያልተያዩ ዘመዳሞች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ የትግርኛ ጭፈራው ከሁለቱም ወገን ስለነበር የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። በሙዚቃ ዓይን ካየነው ባለፉት 50 ዓመታት ከታዩት የዚህ ቀን ትዕይንቶች መንግሥት የጀመረው ሕዝብ የነጠቀው ያ ብቻ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ድንበሩ በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጡት መስከረሞች ከባድ ነበሩ። በ2012 ሰኔ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ፤ ኮሮናው አዳራሾቹን ዘጋ፤ የ2013 እንቁጣጣሽ በጭምብል አለፈ። የ2014ቱ በጦርነት መካከል ነበር፤ ያን ሰሞን ስለ ተዘፈነው ብዙ ባልጽፍ ይሻላል፤ አብዛኛው ቀረርቶ ነበር፣ ተፈላጊነቱም ከጦርነቱ ጋር አብሮ አልቋል።

አሁን የበዓል ዘፈን የሚወጣው በዩቲዩብ ነው። በጳጉሜን በየቀኑ ነጠላ ዜማ ከነክሊፑ ይለቀቃል፤ ብዙዎቹ ክሊፖች ላይ አደይ አበባ፣ የሐበሻ ቀሚስና ከላይ በድሮን የተነሣ ጋራ አይጠፉም። እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ ጋራው ራሱ የክሊፕ ስቱዲዮ ሆኗል፤ ቀድሞ ባሕር ዛፍ የተሸከሙ እናቶች ብቻ የሚወርዱበት መንገድ ላይ ዛሬ ዘፋኝና ካሜራ ይገናኛሉ። አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያስጀምሩ ሐሳባቸው አድማጭ ከስልክ ሒሳቡ እየከፈለ ገንዘቡ ለባለሙያው እንዲደርስ ነበር። ኤልያስ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በመስከረም 2012፣ ዐረፈ። ገንዘቡ ዛሬም በአብዛኛው በማስታወቂያ በኩል ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህም ከዘፈኑ ይልቅ ክሊፑ ይደከምበታል።

የየካ ልጃገረዶችም ሁኔታ ተለውጧል። አያት፣ ሲኤምሲና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ላይ በር ለበር መሄድ ማለት ደረጃ ለደረጃ መውጣት ነው፤ ጥበቃ ያለበት ግቢ አያስገባም፤ አንዳንድ ቡድን ደግሞ ድምፁን ከስልክ በትንሽ ስፒከር ለቆ ከንፈር ብቻ ያንቀሳቅሳል። ይህን ሲያዩ የሚቆጡ አዛውንት አሉ። እኔ ብዙ አልቆጣም፤ ከበሮው ጆግ ወይም ጀሪካን በሆነበት ዘመንም የተቆጡ ነበሩ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አንዱ አሳታሚ ይህንን ባለቤት የሌለው ዜማ በስሙ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ካስመዘገበ በኋላ የሰፈር ልጆች ቪዲዮ «የሌላ ሰው ይዘት» ተብሎ ሊነሣ መቻሉ። የ1996ቱ አዋጅም ሆነ ማሻሻያው ለሕዝብ ዜማ የሚቆም ሰው አላዘጋጁም።

በመጪዎቹ ዓመታት ቀን መቁጠሪያው አንድ ነገር አዘጋጅቷል። ጳጉሜን 2019 ስድስት ቀን ስለሆነች መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ ቀኑም እሑድ ነው። ሚሊኒየሙ 20 ዓመት ይሞላዋል፤ በዋሽንግተንና በአትላንታ ያሉትም በዓሉን ወደ ቅዳሜና እሑድ መግፋት ሳያስፈልጋቸው፣ ከጎረቤታቸው ሐዘን በማግስቱ፣ በራሱ በዕለቱ መዝፈን ይችላሉ። አዳራሽ የሚከራዩ ሰዎች ከወዲሁ ቢጠይቁ ይሻላቸዋል።